የባሕር ሙላትና ጉድለት፦ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባሕሩን የምትስበው ጨረቃ ከሆነች፣ በእሷ በኩል ያለው ውኃ ብቻ መሙላት አልነበረበትም? ስለምን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ። ስበት ከርቀት ጋር እየደከመ ይሄዳል። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ስትርቅ፣ የምድር ዲያሜትር ወደ 12,700 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ፊቱን ወደ ጨረቃ ያዞረው ባሕር ከምድር ማዕከል በርትቶ፣ በስተጀርባ ያለው ደግሞ ከማዕከሉ ላልቶ ይሳባል። ምድር በጠቅላላዋ ወደ ጨረቃ ስትሳብ የቅርቡ ውኃ ይቀድማታል፤ የሩቁም ወደ ኋላ ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት በሁለቱም ወገን ከፍታ ይፈጠራል፤ ምድር በቀን አንድ ዙር ስትዞርም እያንዳንዱ ቦታ በሁለቱ ከፍታዎች ሥር ስለሚያልፍ ሁለት ጊዜ ይሞላል። ይሁን እንጂ ጨረቃ ውኃውን ሽቅብ መዝዛ ታነሣዋለች ማለት አይደለም፤ ይህ የስበት ልዩነት ከምድር ስበት ዐሥር ሚሊዮን እጅ ያህል ያነሰ ነውና። ዋናው ሥራ የሚሠራው አግድም ነው፦ በጎንና በጎን ያለው ሰፊ ውኃ ቀስ እያለ ወደ ሁለቱ ወገኖች ይፈስሳል።

ጥያቄ፦ ሰዓቱ በየቀኑ የሚዘገየውስ?

መልስ፦ ምድር አንድ ዙር እስክትዞር ጨረቃም በምህዋሯ ወደፊት ስለምትራመድ፣ እሷን ለመድረስ 50 ደቂቃ ያህል ይጨመራል። በሁለት ሙላቶች መካከል በአብዛኛው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ የሚያልፈው ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ከጨረቃ እጅግ ትገዝፋለች፤ እሷ አትስብም?

መልስ፦ ትስባለች፤ እንዲያውም ምድርን ከጨረቃ ከ170 ጊዜ በላይ አብልጣ ነው የምትስበው። ነገር ግን ባሕሩን የሚያንቀሳቅሰው በቅርቡና በሩቁ ወገን መካከል ያለው የስበት ልዩነት በመሆኑ፣ እጅግ ሩቅ የሆነችው ፀሐይ ድርሻዋ ከጨረቃ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በአዲስና በሙሉ ጨረቃ ጊዜ ሁለቱ ሲተባበሩ ሙላቱ ይጨምራል፤ በግማሽ ጨረቃ ጊዜ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምኖረው፤ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሞላና ሲጎድል አስተውዬ አላውቅም። ኩዌት ያለችው እኅቴ ግን ውኃው ርቆ ሸሽቶ እንደሚመለስ ትነግረኛለች።

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት ነው የምትናገሩት። ከላይ የተናገርኩት ምድር በሙሉ በውኃ ብትሸፈን ለሚሆነው ነው፤ እውነተኛው ባሕር ግን በየብስ የታጠረ ስለሆነ፣ በገበቴ እንዳለ ውኃ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ቀይ ባሕር በሰሜን ጫፉ ሲሞላ በደቡብ ይጎድላል፤ በጅዳና በፖርት ሱዳን አካባቢ ያለው መካከሉ ግን ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። በምፅዋ በኩል ለውጡ በግልጽ ይታያል። ኩዌት በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ራስጌ ስለምትገኝ፣ ልዩነቱ ከ3 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በካናዳ ያለው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤማ የራሱ ውዝዋዜ ከጨረቃ ሰዓት ጋር ስለሚገጥም፣ እስከ 16 ሜትር ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ጣናስ?

መልስ፦ ሐይቁ ትንሽ ስለሆነ፣ ጨረቃ ከዳር እስከ ዳር የምታመጣው ልዩነት በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው፤ እሱንም ነፋስ ይውጠዋል። ክረምቱ ሲወጣ ጣና ከፍ ብሎ የሚታየው በዝናቡና በሚገቡት ወንዞች ነው።