ከውሃ በታች ዕቃ ቢበላሽስ? ጥያቄና መልስ

ኤይላት፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ የስኩባ ጥለቃ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ) አስተምራለሁ። «ውሃ ውስጥ ሆናችሁ ዕቃ ቢበላሽ እንዴት አትደነግጡም?» የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ነገር ነው። ሬጉሌተሩ (ከሲሊንደሩ ወደ አፍ አየር የሚያደርሰው ዕቃ) ድንገት ቢዘጋብኝስ?

መልስ፦ ሬጉሌተር ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ አይዘጋም፣ ይከፈታል። ሆን ተብሎ እንዲያ ነው የተሠራው። አየሩ አልቆም ብሎ ይንዠቀዠቃል፣ ጩኸቱ ያስደነግጣል፣ አረፋው ዓይንህን ይጋርድሃል። ግን ልብ በል፤ የምትተነፍሰው አየር አለህ፣ እንዲያውም ተትረፍርፏል። ከንፈርህን ላላ አድርገው፣ ትርፉ በጎን ይውጣ፣ የሚበቃህን ብቻ ሳብ። ሲሊንደሩ በጥቂት ደቂቃ ባዶ ሊሆን ስለሚችል እዚያው ቆሞ መጠገን የለም። ለጓደኛህ ምልክት ስጠው፣ ቢጫውን ትርፍ ሬጉሌተሩን ተቀበለው፣ አብራችሁ ውጡ። ከአፍህ ወጥቶ ከሆነ የሚንዠቀዠቀው፣ የአፉን በኩል ወደ ታች ድፋው። ብዙ ጊዜ ወዲያው ይቆማል።

ጥያቄ፦ ይሄን ሁሉ አውቀዋለሁ። ችግሩ ሰውነቴ አይታዘዘኝም። ልቤ ይመታል፣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። መረጋጋት ተፈጥሮ ነው ወይስ ይለመዳል?

መልስ፦ ይለመዳል። ደፋር ሰው ሁሉ ውሃ ውስጥ የተረጋጋ አይደለም፤ ፈሪ የሚባሉት በጣም ጥሩ ጠላቂ ሲሆኑ አይቻለሁ።

ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን እይ። ቶሎ ቶሎ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ወደ ውጭ ግን በደንብ አይተነፍስም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል። አንጎል «ታፈንኩ» የሚለው በዋናነት በዚህ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖም አየር ያለቀበት ይመስለዋል። መፍትሔው አየር ለመሳብ መታገል አይደለም። መጀመሪያ አስወጣ። ረዥም፣ ቀስ ያለ፣ አረፋውን እስክትሰማው ድረስ። ሁለት ሦስቴ ስታደርገው ጭንቅላትህ ይመለሳል። እጅህን ወደ ዕቃው የምትሰደው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው የሚያረጋጋኝ ሒሳብ ነው። 12 ሊትር ሲሊንደር 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውሃው ወለል ሦስት እጥፍ ነው። ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚያ 60 ሊትር ይጨርሳል፤ ሙሉው ሲሊንደር 40 ደቂቃ ያቆየዋል ማለት ነው። ግማሽ ቢቀርህና በድንጋጤ እጥፍ ብትተነፍስ እንኳ 10 ደቂቃ አለህ። ለማሰብ አሥር ሰከንድ መውሰድ አያስከፍልህም።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነኝ። ማስኬ ውስጥ ውሃ ሲገባ ወደ ላይ መፈትለክ ነው የሚያምረኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ውሃ አፍንጫን ሲነካ ሰውነት የሰመጠ ስለሚመስለው ነው እንጂ አንቺ ደካማ ሆነሽ አይደለም። ጥልቀት በሌለው ገንዳ ማስክሽን አውልቀሽ፣ ፊትሽን ውሃ ውስጥ አድርገሽ፣ በአፍሽ ብቻ መተንፈስ ተለማመጂ። አፍንጫሽ እስኪሰለቸው ድረስ። ከዚያ ማስክን ባዶ ማድረግ ቀላል ነው፦ ቀና በይ፣ የማስኩን የላይኛውን ጠርዝ ግንባርሽ ላይ ተጫኚው፣ በአፍንጫሽ ተንፍሺ።

መፈትለኩን ግን አደራሽን። ከ10 ሜትር ወደ ላይ ስትወጪ ሳንባሽ ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ይሆናል። ትንፋሽ ይዞ የወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ማስክ ውስጥ የገባ ውሃ ማንንም አይገድልም፤ ይሄ ይገድላል።

ጥያቄ፦ አየሬ አልቆ ጓደኛዬ ሩቅ ቢሆንስ?

መልስ፦ ጥልቀቱ አነስተኛ ከሆነ «አአአ» እያልክ፣ አየር እያስወጣህ፣ በራስህ ትወጣለህ። ሬጉሌተሩን ከአፍህ አታውጣ። ከፍ ስትል የውሃው ግፊት ስለሚቀንስ አለቀ ያልከው ሲሊንደር አንድ ሁለት ትንፋሽ ሊሰጥህ ይችላል። ላይ ስትደርስ፣ ለመጥለቅ ክብደት እንዲሆንህ የታጠቅከውን የእርሳስ ቀበቶ ጣል። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳል።

ጥያቄ፦ ጃኬቱ (አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈን) በራሱ መነፋት ቢጀምርስ?

መልስ፦ በአንድ እጅ አየሩን እያስወጣህ በሌላው ወደ ጃኬቱ አየር የሚያስገባውን ቱቦ ንቀል። መጋጠሚያው ላይ ያለችውን ቀለበት በሁለት ጣት ወደ ኋላ ሳብ ስታደርጋት ይላቀቃል። የብስ ላይ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ጓንት አድርገህ ተለማመደው።

ጥያቄ፦ ቱቦ ቢፈነዳ የቱ ይብሳል?

መልስ፦ ወደ ጌጁ (የቀረውን አየር የሚያሳየው መለኪያ) የሚሄደው ከፍተኛ ግፊት ስላለው ሲቀደድ በጣም ይጮኻል። ግን አየሩ የሚያልፈው በመርፌ ቀዳዳ በምታህል ቀዳዳ ነው፤ ከጩኸቱ ይልቅ ጊዜ ይሰጣል። ወደ አፍ የሚሄደው ነው ቶሎ የሚያራግፈው። ሁለቱም ላይ ጥለቃው አበቃ።

ጥያቄ፦ ልጄ እናንተ ጋ መጥቶ ሊማር ነው። ምን ልምከረው?

መልስ፦ እናቴ፣ አንድ ነገር ይንገሩት። ውሃ ከመግባቱ በፊት ጌጁን እያየ አራት ጊዜ ከሬጉሌተሩ ይተንፍስ። በሳበ ቁጥር መርፌዋ ወደ ታች ዝቅ ካለች ሲሊንደሩ በደንብ አልተከፈተም። ላይ ሲተነፍስ አየሩ የሚበቃ ይመስላል፤ ጥልቀት ሲጨምር ነው የሚያጥረው። ይሄን «አውቃለሁ» ብሎ የሚዘል ሰው የፈለገውን ያህል ልምድ ቢኖረው አብሬው አልገባም። ልጅዎም አብሮት የሚገባውን ሰው እንዲያ ይምረጥ።

ጥያቄ፦ ዕቃ ተበላሽቶብኝ በፍጥነት ወጣሁ። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ በረራ አለኝ። ልሂድ?

መልስ፦ ደኅና ብትሆንም በዚያ ቀን ሁለተኛ አትጥለቅ። ጥልቀት ላይ ሰውነት ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ ግፊት ሲቀንስ አረፋ ሊሆን ስለሚችል፣ ያለ ችግር ለጠለቀ ሰው እንኳ ከበረራ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው የሚመከረው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከአውሮፕላኑ ብትወርድም ከፍታው አይለቅህም። መገጣጠሚያህን ካመመህ፣ ከደነዘዘህ፣ ካዞረህ ወይም ያልተለመደ ድካም ከተሰማህ አትብረር። ኦክስጅን እንዲሰጡህ ጠይቅ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ጠልቄ ነበር ብለህ ንገራቸው። ትኬቱ ይራዘማል።