ድሬዳዋን በአንድ ቀን፣ ብቻዬን በመኪና፦ ጥያቄና መልስ

ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት ቅርብ። ድሬ በራሴ መኪና እንደምመላለስ የሰሙ ጎረቤቶች ጥያቄ አበዙብኝ። በሉ ሁላችሁም አንድ ላይ ጠይቁኝ አልኩ።

ሄዶ፣ አይቶ፣ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል?

አይሆንም። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቀን ለመሄጃ፣ አንድ ቀን ለከተማዋ፣ አንድ ቀን ለመመለሻ ያዝ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከዚህ ከተነሳህ ሳይመሽ ትገባለህ። በጨለማ ግን አትንዳ። ከአዋሽ በኋላ ግመል አስፋልቱን እንደ ራሱ ግቢ ነው የሚያየው፤ መብራትህን አይቶም ንቅንቅ አይልም።

መንገዱ ሁሉ በረሃ ነው እንዴ?

ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ እስከዚያ ቆላ ነው። የጂቡቲ ከባድ መኪኖች አብዛኞቹ አዋሽ አርባ ላይ ወደ ሚሌ ስለሚታጠፉ ከዚያ በኋላ ትንሽ ትተነፍሳለህ። ቀጥሎ ወደ ጭሮ (ያው አሰበ ተፈሪ) ሽቅብ ነው። የጨርጨር ተራሮች ላይ ሹራብ ያስፈልግሃል። ሂርናንና ቁልቢን አልፈህ ደንገጎ ስትደርስ የሐረሩን መንገድ ትተህ ቁልቁል ትወርዳለህ።

እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው ጥንቃቄው። ፍሬን ረግጠህ ይዘህ አትውረድ። ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ አይዝልህም። ከባድ ማርሽ አስገብተህ ሞተሩ ራሱ ይያዝህ። መስኮቱን ክፈተው። በየኩርባው ሙቀቱ ሲጨምር በክንድህ ታውቀዋለህ።

ለመኪናው ምን ላዘጋጅ?

የራዲያተር ውሃ፣ ቀበቶና ጎማ አሳይ። የጎማ ንፋስ የሚለካው ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ነው። መንገድ ላይ ግሎ በዝቶ ብታየው አታስተነፍሰው፤ ሲቀዘቅዝ ይጎድልብሃል። ሞተሩ ከሞቀብህ ቁም፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን እስኪበርድ አትንካው፤ ፊትህን ያቃጥልሃል። ነዳጅ ባገኘህበት ሙላ።

አንዷን ቀን እንዴት ልከፋፍላት?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ድሬ ላይ ቀኑ ጠዋትና ማታ ብቻ ነው። መሀሉን ፀሐይ ትወስደዋለች። እንደ አዲስ አበባ ከምሳ በኋላ ልዙር ያለ ሰው የተዘጋ ሱቅ ቆጥሮ ይመለሳል።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ «ከዚራ» የሚባለውን ሰፈር በእግርህ ጀምር። ጎዳናው ቀጥ ያለ ነው፣ ጥላው ደግሞ የዛፍ። የፈረንሳዮቹ የባቡር ኩባንያ ነው በዕቅድ የሠራው። ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ሐረር ሊገባ ታስቦ ተራራው አላስወጣ ሲል በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም በዙሪያው ተቆረቆረች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር። ለገሃርን፣ የባቡር ጣቢያውን፣ ሳታይ አትለፍ። የድሮውን የባቡር ጥገና ክፍል ካስፈቀድክ ማየት ይቻላል፣ እኔ ከሁሉ አስበልጠዋለሁ።

ከዚያ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ መጋላ ሰፈር ግባ። ቀጥ ያለ መንገድ እዚያ ያበቃል። ባለ ቅስቱ የቀፊራ ገበያ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ጭቅጭቅ ውስጥ ትሰማለህ። ሻጯ ዋጋ በአንዱ ጠርታ በሌላው ትቀንስልሃለች። ትኩስ ሙሸበክ (ጣፋጭ ነው) ካገኘህ ብላ፣ ጣትህ ላይ የሚጣበቀውን ስኳር ጭምር።

6 ሰዓት ተኩል ሲሆን ምሳህን በልተህ ተኛ። ከተማው ግማሹ በርጫ ላይ ነው፣ ግማሹ እንቅልፍ ላይ። 10 ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር እንደገና ይከፈታል። ማታ ውጭ ቁጭ ብለህ ጭማቂ ጠጣ። «አቦ» እያለ አጠገብህ የሚቀመጥ ሰው አታጣም። ድሬ ብቻህን ሄደህ ብቻህን አትውልም።

ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ይከብዳል?

እህቴ፣ ከተማው ውስጥ አይከብድም። ከዚራ እደሪ፣ ከመሸ ከመራመድ ባጃጅ ያዢ። ሰው ይቀልድሻል፣ መልሰሽ ቀልጂበት።

መቼ ልሂድ?

ከኅዳር እስከ ጥር። ግንቦትና ሰኔ አይሞከርም። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ መንገዱ በመኪና ይሞላል፣ አልጋም ይወደዳል። ለመሳለም ካልሆነ ሌላ ሳምንት ምረጥ።

ሐረርንስ ልጨምር?

አትጨምር። ቅርብ ናት፣ ግን የራሷ ቀን ይገባታል።

መንገዱ ሰላም ነው?

እኔ ዋስ አልሆንም። በመስመሩ የሚሠሩ ሹፌሮችን በዋዜማው ጠይቅ። አይሆንም ካሉህ እሺ በል፤ ድሬ የትም አትሄድም።

ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው አሉ። መኪናዬን እዚያ ባቆምስ?

በፍጹም! ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ይቆይና ደጋው ላይ ሲዘንብ በአንድ ሌሊት ይሞላል። ከተማው ላይ ጠብታ ላይኖር ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሰው በተኛበት መጥቶ ከ200 በላይ ሕይወት ቀጥፏል። የአገሩ ሰው ቀን ቀን ሲሻገርበት አይተህ አትዘናጋ፤ እሱ ሰማዩን ማየት ያውቃል። መኪናህን የሆቴሉ ግቢ አቁመህ በባጃጅ ዙር። ዋጋውን ሳትሳፈር ተነጋገር።