ትከሻዬን ልታገም ወይስ በመርፌ ልወጋ?

ባለፈው ስለ ወገብ ሕመም ከጻፍኩ ወዲህ የመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ቆዳን በኩባያ ስለሚስበው ዋግምትና "ድራይ ኒድሊንግ" ስለሚባለው መርፌ ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። አንዳንዶቻችሁ "ዶክተር" ብላችሁ ጽፋችኋል። ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መድኃኒት አላዝዝም፣ ስለ ጡንቻ ግን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ባንክ ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስለማፈጥ አንገቴና ትከሻዬ ድንጋይ ሆኗል፤ ማታ ማታ ጆሮ ግንዴ ድረስ ይወጋኛል። እናቴ "ብርድ ነው" ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ ጀርባዋ ላይ የብርጭቆ አፍ የሚያህል ጥቁር ክብ ይዛ መጣችና "መጥፎው ደም ወጣልኝ፣ ቶክሲን ነው" አለችኝ። ምላጭ ግን አልነካትም፣ ደረቁ ነው። ልሂድ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መሄድ ትችያለሽ። ግን ምን ልታገኚ እንደምትሄጂ አውቀሽ ሂጂ።

ያየሽው ክብ መጥፎ ደም አይደለም። ኩባያው ቆዳዋን ወደ ውስጥ ሲስበው ከሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፣ ትንሽ ደም እዚያው ቆዳ ሥር ይፈስና ይጠቁራል። የራሷ ጤነኛ ደም ነው፤ ሰውነቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሶ ይመጠዋል፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ቢወስድ ነው። ክቡ በጠቆረ ቁጥር "አየሽ፣ ስንት ቆሻሻ ነበረብሽ!" የሚል ሰው ካጋጠመሽ እያወራ ያለው ነጋዴው ነው። የጠቆረ ክብ የሚናገረው ኩባያው በኃይል እንደሳበ ወይም ብዙ እንደቆየ ነው። ሰውነት የሚጥለው ነገር ሲኖረው ጉበትና ኩላሊት አሉለት፤ በጀርባ ቆዳ በኩል የሚወጣ ቶክሲን የለም። ነገሩ ፋሽን የሆነው ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ በ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ ትከሻው ላይ ያንኑ ክብ ይዞ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። (ፌልፕስ ወርቁን ያገኘው ስለዋኘ ነው፣ ስለታገመ አይደለም።)

ታዲያ ይጠቅማል ወይ? ማሳጅ ጡንቻውን ይጫነዋል፣ ዋግምት ደግሞ ቆዳውንና ሥሩ ያለውን ሥጋ ወደ ላይ ያነሳዋል። ቦታው ይሞቃል፣ ደም ይዘዋወርበታል፣ ለተወሰነ ጊዜ ቀለል ይላል። የአንገትና የወገብ ሕመም ላይ የተሠሩት ጥናቶች ሕመሙ ለአጭር ጊዜ እንደሚቀንስ ያሳያሉ፤ ችግሩ ግን አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፣ ደካማም ናቸው። አንዱ ግን ደስ ይለኛል። ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ በ2016 የወጣ ነው፤ መላ ሰውነትን የሚያመው ፋይብሮማያልጂያ ያለባቸውን ሰዎች ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን እውነተኛውን ኩባያ አገኘ፣ ሌላው ተቀምጦለት ወዲያው መሳብ የሚያቆም የማስመሰያ ኩባያ፣ ሦስተኛው የለመደውን ሕክምና ብቻ ይዞ ቆየ። እውነተኛው ኩባያ ከሦስተኛው ቡድን በለጠ፣ ከማስመሰያው ግን አልበለጠም። ከዚህ ተነስቶ "ዋግምት ውሸት ነው" የሚል አለ። እኔ ግን እንዲህ ነው የማየው፦ ስልክሽን አጥፍተሽ የተኛሽበት፣ ሰው በጥንቃቄ የነካሽበት ያ ግማሽ ሰዓትም የራሱን ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ አንቺ ትከሻ። ከማጅራትሽ ተነስቶ እስከ ትከሻሽ ጫፍ የሚሄድ ጡንቻ አለ። አውራ ጣትሽንና ሌባ ጣትሽን አድርገሽ ያዢው፣ እንደ መቆንጠጥ። ጠንከር ያለ ገመድ መሳይ ነገር ካገኘሽና ጫን ስትዪው ያችው የማታዋ ሕመም ጆሮ ግንድሽ ላይ ከመጣች ተገኘ፤ ይሄ ጡንቻ ሲቋጠር ሕመሙን ወደዚያ የመላክ ጠባይ አለው። ዋግምት ጥቂት ቀን ፋታ ሊሰጥሽ ይችላል። በእነዚያ ቀናት አንገትሽን አቀርቅረሽ ወደ ስክሪኑ ከተመለስሽ ግን ብርሽን አባከንሽ። ስክሪኑን ከዓይንሽ እኩል አድርጊው፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ፣ ከስፖርት ዕቃ መሸጫ የሚለጠጥ ላስቲክ ገዝተሽ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ኋላ እየሳብሽ ትከሻሽን አጠንክሪ። እናትሽ ጋቢ ደርቢ ካሉሽም ደርቢ፤ ሕመሙን ያመጣው ብርድ ባይሆንም ሙቀት ለተቋጠረ ጡንቻ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ከቀኝ መቀመጫዬ ይጀምርና እስከ ባቴ ድረስ ይወርዳል። ኤምአርአይ ተነስቼ "ዲስክህ ደህና ነው" ተባልኩ። ቴራፒስቷ ድራይ ኒድሊንግ ላድርግልህ አለችኝ። ይሄ የቻይናዎቹ አኩፓንክቸር አይደለም እንዴ? እውነቱን ለመናገር መርፌ እፈራለሁ።

መልስ፦ መርፌው አንድ ነው፣ ሐሳቡ ነው የሚለየው። አኩፓንክቸር ኃይል ይመላለስባቸዋል በሚባሉ መስመሮች ላይ ያሉ ነጥቦችን ይከተላል። ያንተዋ ቴራፒስት ግን በጣቷ ዳብሳ ያገኘችውን የተቋጠረ ጡንቻ ነው የምትወጋው፤ መርፌው ላይም ምንም መድኃኒት የለም። ድሮ መድኃኒት ነበረው። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሐኪም የነበረችው ጃኔት ትራቭል እነዚህን ቋጠሮዎች ማደንዘዣ እየወጋች ታክም ነበር። በ1979 ካሬል ሌዊት የሚባል የቼክ ሐኪም እፎይታው ከመርፌው ከራሱም እንደሚመጣ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች መድኃኒቱን ትተው መርፌውን ያዙ።

ፍርሃትህ ይገባኛል፣ ግን ይሄ፣ ክሊኒክ ውስጥ የምታውቀው መርፌ አይደለም። ያኛው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ወፍራም ነው። ይሄኛው ድፍን ነው፣ ቀጭን፣ ሲገባ ብዙ ሰው አይታወቀውም። ቋጠሮውን ሲያገኘው ግን ጡንቻህ ሳታዘው ዓይን እንደሚርገበገበው ዘለል ይላል፤ ያቺው የምታውቃት ሕመም ወደ ባትህ ብልጭ ትልና ትለቃለች። ደስ አይልም፣ በሰከንዶች ግን ያልፋል። በማግስቱ ከባድ ስፖርት እንደሠራ ሰው ያምሃል፣ አንድ ሁለት ቀን። ደግሞ በልተህ ሂድ። በሁዳዴ ባዶ ሆዳቸውን መጥተው አልጋው ላይ ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች አይቻለሁ።

ከመቀመጫ ጎን ካሉት ጡንቻዎች የሚነሳ ሕመም እግር ላይ ወርዶ ሲያቲካ (ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ ሲነካ የሚመጣውን ሕመም) መምሰል ይችልበታል፤ ስለዚህ ቴራፒስትህ እዚያ መፈለጓ ትክክል ነው። ጥናቶቹ የሚያሳዩት እፎይታ በሳምንታት የሚቆጠር ነው፣ እስከ ሦስት ወር ገደማ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ማስረጃ የሳሳ ነው። የማስመሰያ መርፌ ካገኙት ሰዎች ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ልዩነቱ ይጠባል። ስለዚህ ወግታህ "ደህና ሁን፣ በሚቀጥለው ሳምንት" ብቻ የምትልህ ከሆነ ሌላ ፈልግ። ወግታ፣ ጡንቻው በለቀቀበት ሰዓት እንቅስቃሴ ካሠራችህ ግን ያዛት። የኪስ ቦርሳህንም ከኋላ ኪስህ አውጣው፣ እሱ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ነው የምትውለው።

ስለ ሥልጠናዋ መጠየቅ ነውር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ እንደየግዛቱ ነው፦ ጎረቤታችሁ ሜሪላንድ ፊዚዮቴራፒስቶችን ቢያንስ 80 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና ትጠይቃለች፤ ካሊፎርኒያ ጭራሽ አትፈቅድላቸውም። አንተ የምትወጋበት ቦታ ብዙ አያሰጋም። ትከሻና የላይኛው ጀርባ ላይ ግን ከጎድን አጥንት ሥር ሳንባ አለ፣ መርፌው ካለፈ ሊበሳው ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ግን ደርሷል። እዚያ አካባቢ ተወግቶ በዚያው ቀን ትንፋሽ ያጠረው ወይም ደረቱን የወጋው ሰው ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። አንተም ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ፣ በጭኖችህ መካከል ከደነዘዘህ ወይም እግርህ ከሰነፈብህ የመርፌ ቀጠሮህን እርሳውና ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ጥያቄ፦ እናቴ የልብ ቫልቭ ተቀይሮላት ዋርፋሪን ትወስዳለች። ጉልበቷን በጣም ያማታል። ሰፈራችን በቀንድ የሚያግሙ ሽማግሌ አሉ፣ "መድኃኒቱን ሁለት ቀን ታቁምና ላግማት" አሉኝ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይሆንም። ዋርፋሪን ደም ማቅጠኛ ነው፤ በምላጭ ከተበጣ ደሙ አልቆምም ሊል ይችላል፣ ደረቁም ቢሆን ትልቅ ደም ቆዳ ሥር ሊያጠራቅም ይችላል፣ መርፌም እንደዚያው። ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ግን ያቺ "ሁለት ቀን" ናት። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ደም ማቅጠኛውን በራሱ ሲያቆም ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፣ ያ የረጋ ደም ደግሞ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ሽማግሌው ክፉ አስበው አይደለም፣ እናትህን ግን አይንኳቸው። ከፋርማሲ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ገዝተህም እንዳትሰጣቸው፣ ከዋርፋሪን ጋር ደም ያፈስሳሉ። የሕመም ማስታገሻውን የልብ ሐኪማቸውን ጠይቅ። እስከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው እያነሱ አምስት ሰከንድ ይያዙ፣ አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ያርፋል።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው የምሠራው። ራሴን ስለሚያመኝ ማዳም ሂጃማ ልውሰድሽ አለችኝ። ከደረቁ በምን ይለያል?

መልስ፦ ቆዳሽ በምላጭ ይበጣና ኩባያው ደም ይስባል፤ ልዩነቱ እሱ ነው። ሂጃማ ለሙስሊም አንባቢዎቼ ሱናም ስለሆነ ተይው ወይም አድርጊው አልልሽም። የምነግርሽ ስለ ምላጩ ነው። ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪም፣ ደም በነካው ዕቃ ይተላለፋሉ። ፈቃድ ያለው ክሊኒክ ይሁን፣ ምላጩም ኩባያውም ዓይንሽ እያየ ከታሸገበት ይውጣ፣ ሲያበቃም ይጣል። ሰው ቤት ውስጥ ከሆነ ይቅርብሽ። የወር አበባሽ ብዙ ከሆነና ስትነሺ ካዞረሽ ደግሞ መጀመሪያ የደም ማነስ ምርመራ አድርጊ፤ ራስ ምታትሽ ከዚያ ሊሆን ይችላል፣ ደም በጎደለው ሰውነት ላይ ደም ማፍሰስ ደግሞ ምን ይሉታል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ወገቡን ካመመው ሦስት ወር አለፈው። ሦስት ጊዜ ደረቅ ዋግምት አስደረግነው፣ ለአንድ ቀን ይሻለውና ይመለስበታል። ማታ ማታ ያልበዋል፣ ከስቷልም። ስንት ጊዜ መታገም አለበት? (ከደሴ)

መልስ፦ ከእንግዲህ አንድም ጊዜ አይታገም። እህቴ፣ ይሄን መልስ መጽሔቱ እስኪወጣ ሳልጠብቅ ልኬልሻለሁ፤ እዚህ ያተምኩት ሌላም ቤት እንዲህ ያለ ወንድም ስለሚኖር ነው። ሌሊት የሚያልብ፣ የሚያከሳ፣ ተኝተውም የማይተው የወገብ ሕመም የጡንቻ ቋጠሮ ነው ብዬ አላልፈውም። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይወጣም፣ አከርካሪ አጥንት ውስጥም ይገባል፣ አገራችን ውስጥ ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ባያስለውም ይኖራል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ አጥንቱን ይበላና ጀርባን ያጎብጣል፣ እግርንም ሊያሰንፍ ይችላል። ሆስፒታል ውሰጂው፣ ማላቡንና መክሳቱን ሳትረሺ ንገሪያቸው። ዋግምቱ ለአንድ ቀን ማሻሉ አያታልልሽ።

ጥያቄ፦ አየሩ በእጅ ፓምፕ የሚሳብ የፕላስቲክ ኩባያ ገዝቼ ባለቤቴን ልሠራለት ነው። ምን ያህል ይቆይ? እሳት የሚለኮስበት የብርጭቆው ይሻላል የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ አይሻልም። መሳብ ያው መሳብ ነው፤ እሳቱ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን አየር አሙቆ ሲቀዘቅዝ እንዲስብ ከማድረግ ውጪ የሚጨምረው ነገር የለም፣ የሚያቃጥለው ግን ብዙ ሰው ነው። በፕላስቲኩ ቀጥዪ። ጀርባውን ዘይት ቀቢው፣ ፓምፑን ሁለት ሦስቴ ብቻ ሳቢ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አታሳልፊ፣ በኋላም ከአሥር። ሥጋ ያለበት ላይ እንጂ አከርካሪው ላይ አይሁን፤ ቁስል፣ ያበጠ የደም ሥርና የአንገት ፊት ለፊት አይነኩም። ስኳር ካለበትና እግሩ ከደነዘዘ እግሩን ተይው፣ ሲጎዳ አይሰማውም። ውኃ ከቋጠረ አብዝተሻል ማለት ነው፣ አታፍርጪው። የፊተኛው ክብ ሳይጠፋ እዚያው ላይ አትድገሚ። ሲያበቃ ደግሞ ኩባያውን እንዳትጎትቺው፤ አናቱ ላይ ያለችውን ቫልቭ ሳብ አድርጊያት፣ አየር ሲገባ ራሱ ይላቀቃል።