ጦር የሚመራው በመኮንን ብቻ አይደለም

ልጆቼ፣ ለድሬ ልጅ ዩኒፎርም ብርቅ አይደለም። የአየር ኃይሉ ምድብ እዚሁ አጠገባችን ነው። ሐረር ደግሞ በንጉሡ ዘመን የጦር አካዳሚ የተከፈተባት ከተማ ናት። ለዚህ ይመስለኛል ውትድርና ሲነሳ ብዙዎቻችሁ ቶሎ የምታስቡት ትከሻ ላይ ያለውን ኮከብ ነው። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጡ ስለ ወደፊታቸው የሚያወሩ ልጃገረዶች ሲያገኙኝም የሚጠይቁኝ "መኮንን ለመሆን ምን ያስፈልጋል?" ብለው ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በባለ ሌላ ማዕረግ፣ ማለትም ከመኮንን በታች ባሉት ማዕረጎች ነው፤ ጡረታ የወጣሁትም ሃምሳ አለቃ ሆኜ። ስለዚህኛው መንገድ የሚነግራችሁ ሰው ስለሌለ እኔው ልጻፍላችሁ።

መኮንን ያዛል። ትዕዛዙ ሥራ ሆኖ መሬት የሚወርደው ግን በአስር አለቃና በሃምሳ አለቃ እጅ ነው። ማን እናቱ ታማበት እንቅልፍ እንዳጣ፣ ማን ጫማው እንደተቀደደ፣ ማን ደህና ነኝ እያለ እንደታመመ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አዲስ የመጣ ወጣት መኮንንም ሥራውን በግማሽ የሚማረው ከእነሱ ነው።

ይህ መንገድ ምን ያህል ሩቅ እንደሚያደርስ ለማየት የጆአን ባስን ታሪክ እንድታውቁ እፈልጋለሁ። (እዚህ ያሉትን ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አባቷ የአሜሪካ ጦር ወታደር ነበር፤ እናቷ ኮሪያዊት ናት። በ1993 ተራ ወታደር ሆና አየር ኃይሉን ተቀላቀለች። ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ2020 ነሐሴ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል የባለ ሌላ ማዕረግ አባላት የበላይ ሆነች። ይህ ኃላፊነት የተፈጠረው በ1967 ሲሆን ከእሷ በፊት የያዙት 18ቱም ወንዶች ነበሩ። ከአሜሪካ የጦር ክፍሎች በአንዱም እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰች ሴት አልነበረችም።

አብራሪ አልነበረችም። ሙያዋ የበረራ ሠራተኞችን መዝገብ መያዝ ነው። አብራሪው ስንት ሰዓት በረረ? የሕክምና ምርመራው ጊዜ አልፎበታል? ልምምዱን በወቅቱ አድሷል? ይህ ካልተሟላ ኮሎኔልም ቢሆን አይበርም። ከሩቅ ላየው ሰው ተራ የጸሐፊ ሥራ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ እኔም መዝገብ ያዥ ነበርኩና፤ የንብረት ክፍል። አንድ ጊዜ ከእኔ በብዙ የሚበልጥ አለቃ ዕቃ ያለ ፊርማ አውጪልኝ አለኝ። "ነገ ይፈረማል" አለ። "እንግዲያውስ ነገ ይወጣል ጌታዬ" አልኩት። ተቆጥቶ ሄደ፤ በማግስቱ ግን ወረቀቱን አስፈርሞ ላከ። እንደዚያ እንድመልስ ልብ የሰጠኝ መዝገቤ ነው። እያንዳንዷ መስመር ትክክል መሆኗን አውቅ ነበር።

ስለዚህ ቢሮ ተመደብኩ ብላችሁ አትከፉ። የተሰጣችሁን ሥራ ከማንም በላይ እወቁት። መመሪያውን ሰው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ አንብቡት። ሴት ልጅ ደግሞ አዲስ ቦታ ስትገባ "ታውቅ ይሆን?" የሚል ዓይን ይከተላታል። ያ ዓይን አግባብ አይደለም፤ ዛሬም ድረስ ያናድደኛል። እስኪጠፋ ድረስ ግን ሥራችሁን ማወቅ ይጠብቃችኋል።

ጉብዝና ብቻውን ይበቃል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። በአሜሪካ ሴቶች በቋሚነት ጦሩ ውስጥ እንዲያገለግሉ የፈቀደው የ1948ቱ ሕግ ራሱ ቁጥራቸው ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። ገደቡ የተነሳው በ1967 ነው። ሚልድሬድ ኬሊ የምትባል አሜሪካዊት በ1947 ጦሩን ተቀላቅላ ሳርጀንት ሜጀር (ከባለ ሌላ ማዕረጎች ከፍተኛው) የሆነችው በ1972 ነው፤ ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። ስለዚህ በራችሁን የዘጋው ደንቡ ከሆነ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ደንቡ እንዲለወጥ ጠይቁ።

የፀጉሩን ጉዳይም ልንገራችሁ፤ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ሴቶች ረጅም ፀጉራቸውን ጥብቅ አድርገው መጠቅለል ነበረባቸው። ራስ ምታት አመጣባቸው፤ ፀጉራቸው ተነቀለ፤ የራስ ቁሩም በልክ አልቀመጥ አለ። ባስ ኃላፊነቱን ከያዘች ከወራት በኋላ፣ በ2021 የካቲት፣ አንድ ወይም ሁለት ጉንጉን ሠርተው ወደኋላ እንዲለቁት ተፈቀደ። ብቻዋን ያመጣችው ለውጥ አይደለም። ሴቶቹ ሕመማቸውን ተናገሩ፤ ጉዳዩን የሚመረምር ቦርድ ተቀመጠ፤ ደንቡ ተሻሻለ። ሹሩባ ጠብቆ ተሠርቶባት ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች ሁሉ ይህን ለመረዳት ሐኪም አያስፈልጋትም።

እኔ በነበርኩበት ክፍል ችግራችን ቡት ነበር። በሴት ልክ አይገኝም። ጨርቅ ጠቅጥቀን እንጓዝ ነበር፤ ማታ እግራችን ይደማል። ለወንዶቹ መናገር አሳፈረን፤ "አልቻሉም" እንዳንባል ፈራን። በኋላ አንዲት ታላቃችን ደፍራ የሁላችንንም የጫማ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ሰጠች። ልክ የሆነ ቡት መጣልን። እናንተም ሕመማችሁን ትንሽ ነው ብላችሁ አትዋጡት። ቁጥር ይዛችሁ፣ በጽሑፍ፣ በአክብሮት አቅርቡት።

ከበታቻችሁ ለሚመደበው ልጅም የምታውቁትን አትንፈጉት። ባስ በ2024 መጋቢት ጡረታ ስትወጣ ቦታውን የተረከባት ወንድ ነው፤ አንዲት ሴት ስለደረሰች ሁለተኛዋ በራሷ አትመጣም። እኔ የንብረት አያያዝ ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬም እየደወሉ ይጠይቁኛል፤ ከጡረታ አበሌ ይልቅ የሚያኮራኝ እሱ ነው።

አሁን ለመመዝገብ ያሰባችሁ፣ ከሳቢያንም ሁኑ ከገንደ ቆሬ፣ ቤተሰብ ሳትነግሩ አትሂዱ። ሥልጠናው የት እንደሆነ፣ ሙያ መምረጥ ይቻል እንደሆነ፣ ትምህርት መቀጠል ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት እንደሆነም በዓይናችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ።