ማንም የማያስነሳው ታይመር

ጥያቄ፦ በኃላፊነት የያዝኩት የሊነክስ ኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ሁለት ታይመሮች (ጊዜያቸው ሲደርስ አንድ ፋንክሽን የሚያስጠሩ) አሉት። አንደኛው ድራይቨሩ ሲጫን ይዘጋጃል፣ ካርዱ ሲዘጋ ይሰረዛል፤ የሚያስነሳው መስመር ግን አላገኘሁም። ሁለተኛው በየ2 ሰከንዱ ኬብሉ መሰካቱን ይፈትሻል፤ ሲዘጋም ኮዱ ታይመሩ ተራውን እየጠበቀ መሆኑን በ«ታይመር ፔንዲንግ» ከጠየቀ በኋላ፣ መልሱ አዎ ከሆነ ብቻ መሰረዣውን «ታይመር ዴሊት ሲንክ»ን ይጠራል። የትኛውን ላጥፋ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ያውጡት። ታይመር በ«አድ ታይመር»፣ በ«ሞድ ታይመር» ወይም በመሰሎቻቸው ካልተነሳ አይሠራም፤ አድራሻው ለሌላ ፋንክሽን ተላልፎ እዚያ አለመነሳቱን ግን አስቀድመው ይመልከቱ። ማዘጋጃውን፣ መሰረዣውን፣ በስትራክቱ (ድራይቨሩ መረጃውን በሚያስቀምጥበት መዋቅር) ውስጥ ያለውን ቦታና የሚጠራውን ፋንክሽን አብረው ያንሱ።

ሁለተኛው ላይ ያለው «ታይመር ፔንዲንግ» ትርፍ ብቻ ሳይሆን ስህተትም ነው። ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) የታይመሩን ፋንክሽን ከመጥራቱ በፊት ታይመሩን ከተጠባባቂዎች ዝርዝር ስለሚያወጣው፣ ፋንክሽኑ በሌላ ሲፒዩ ላይ እየሠራ ሳለ ቢጠየቅ እንኳ «ታይመር ፔንዲንግ» የለም ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ድራይቨሩ ሳይጠብቅ አልፎ ሜሞሪውን ይለቃል፣ ፋንክሽኑም የተለቀቀውን ሜሞሪ ይነካል። «ታይመር ዴሊት ሲንክ» ያለ ቅድመ ሁኔታ ቢጠራ ግን የሚሠራው እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ታይመሩ ያልተነሳ ከሆነ ደግሞ 0 መልሶ ይመለሳል። ስለዚህ ይህን ለውጥ በፓቹ (በሚልኩት የኮድ ለውጥ) መግለጫ ላይ «ጽዳት» ብለው አያሳንሱት፤ የስህተት እርማት መሆኑን ይጻፉ፤ ከመጀመሪያው ለውጥም ለይተው ይላኩት። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የታይመሩ ፋንክሽን የሚይዘውን ሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ኮድ ብቻ የሚይዘውን መቆለፊያ) ይዘው «ታይመር ዴሊት ሲንክ»ን ከጠሩ፣ ጠሪውና ፋንክሽኑ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ይቀራሉ።

ድራይቨሩ ሲነቀል ሌላ የኮድ ክፍል ታይመሩን ዳግም ሊያስነሳው የሚችል ከሆነ፣ ከከርነል 6.2 ጀምሮ ያለውን «ታይመር ሻትዳውን ሲንክ» ይጠቀሙ፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ የማስነሻ ጥሪ ሰሚ አያገኝም።

ታይመሩ ራሱስ ያስፈልጋል? ድራይቨሩ የግንኙነቱን ክትትል ለከርነሉ ፋይሊብ (ለኬብል ግንኙነት ክትትል የተዘጋጀ የጋራ ኮድ) ከሰጠ፣ ኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ለውጥ ሲኖር የሚልከው ምልክት) በሌለበት ፋይሊብ በየ1 ሰከንዱ የኬብሉን ግንኙነት የሚይዘውን ቺፕ ስለሚጠይቅ፣ የእርስዎ የ2 ሰከንድ ታይመር ያንኑ ሥራ እየደገመ ነውና ይሂድ። ድራይቨሩ ቺፑን በቀጥታ የሚያነብና ካርዱም ለኬብል ለውጥ ኢንተራፕት የማይሰጥ ከሆነ ግን አይንኩት፤ ኬብሉ መነቀሉን የሚያውቀው ያ ታይመር ብቻ ነው።