ከጠረጴዛው የመጣ ዘፈን፦ ጊታር ለያዛችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ጊታር ይዛችሁ የራሳችሁን ሕይወት መዝፈን የጀመራችሁ ሁሉ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ዘፈኖቹ ከየት መጡ? ቆሜ ስመልስላችሁ ሁልጊዜ ያጥርብኛል። ዛሬ ተቀምጬ ልጻፍላችሁ።

አባቴ በመጨረሻ ዘመናቸው የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ድምፃቸው ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ከእኛ ጋር የሚነጋገሩት ጠረጴዛ በማንኳኳት ነበር። አንዴ ካንኳኩ «እሺ»፣ ሁለቴ ካንኳኩ «አይሆንም»። ሲቆጡ ሁለቱ ምቶች ይጣበቃሉ፤ ሲደክማቸው በመካከል ትንፋሽ ይገባበታል። ካረፉ በኋላ ስለ እሳቸው ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሐዘን፣ ናፍቆት፣ እንባ፣ ባዶ ቤት፤ ያልጠራሁት ቃል አልነበረም። ስዘፍነው ግን የማንም ሰው አባት ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ወራት ታገልኩትና ተውኩት።

አንድ ምሽት ሌላ ነገር ስለማመድ፣ ስድስተኛውን ክር ኢ ከሚባለው ድምፅ ዲ ወደሚባለው ዝቅ አድርጌ ቃኝቼው ነበር፤ አውራ ጣቴ ያን ወፍራም ክር ሁለቴ እየመታ እንደሚያርፍ አስተዋልኩ። ዱም፣ ዱም፣ ከዚያ ዝምታ። እጄ ቀድሞኝ ያውቀው ኖሯል። ዘፈኑን በዚያው ሌሊት ጨረስኩት። «ሐዘን» የሚል ቃል የለበትም። ጠረጴዛው አለ፣ ማንኳኳቱ አለ፣ መልሱን እያወቅን ድምፁን ለመስማት ብለን ደጋግመን የምንጠይቃቸው ጥያቄ አለ።

እንግዲህ የምላችሁ ይህንኑ ነው፦ ስሜቱ የተጣበቀበትን ነገር ፈልጉና እሱን ጻፉ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ሱፍያን ስቲቨንስ እናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ካረፉ በኋላ፣ በ2015 ያወጣውን አልበም በእናቱና በእንጀራ አባቱ ስም ሰየመው። በዚያ ሁሉ የሞት ወሬ መካከል፣ ልጅ ሳለ መዋኘት ያስተማረው፣ የሱፍያንን ስም በትክክል መጥራት የተሳነው ሰው ብቅ ይላል። ያ ሰው ከእናትየው ሞት ጋር ምን አገናኘው? ለእኔ ግን የልጁን ዘመን እውነት ያደረገልኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ አይፈጠርም፤ ይታወሳል እንጂ።

ብዙዎቻችሁ ሁሉን ትታችሁ ራቅ ወዳለ ቦታ መሄድ ያምራችኋል። በኢንዲ ፎክ፣ ማለትም ከትልልቅ አሳታሚዎች ውጭ በሚሠራው የጊታር ዘፈን ዓለም፣ የቦን ኢቨር ታሪክ ብዙ ልጅ አሳስቷል። በዚህ ስም የሚታወቀው ጀስቲን ቨርነን እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ወዳለ የአባቱ የአደን ጎጆ ገብቶ የበረዶውን ወራት ብቻውን ከረመ፤ በ2007 በራሱ ላወጣው አልበም አብዛኛውን የቀረጸውም እዚያው ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ወደ ጎጆው ሲሄድ ከባንዱ ተለያይቶ፣ ፍቅሩ ተቋርጦ፣ ታምሞ ነበር። ዘፈኑን ይዞት ነው የገባው፤ ጎጆው የሰጠው ጸጥታ ነው። ጸጥታውን ደግሞ ቤተሰብ ከተኛ በኋላ በየትኛውም ክፍል ታገኙታላችሁ።

እጃችን አልታዘዝ አለ ለምትሉኝ፣ ካናዳዊቷን ዘፋኝ ጆኒ ሚቸልን አስቡ። በ9 ዓመቷ ፖሊዮ ይዟት ግራ እጇ ደክሞ ስለነበር የተለመዱትን ኮርዶች፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆችን፣ መያዝ ከበዳት፤ ስለዚህ ክሮቹን ለእጇ እንዲመቹ አድርጋ በራሷ መንገድ ቃኘቻቸው። ዛሬ ተደንቀን የምንሰማቸው ድምፆች ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። ቅኝቱን ስትለውጡ የለመዳችሁት አያያዝ ሁሉ አይሠራም፤ ጣታችሁ እንደ ጀማሪ በጨለማ ይዳብሳል። ዜማ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ዳበሳ ላይ ነው።

ስለ ቀረጻና ስለ ቅንብር ብዙ አልልም። ማይኩን አቅርቡት፣ የመጀመሪያውን ቅጂ አታጥፉት፤ ይበቃል።

ሌላው ግን ከባድ ነው፣ እኔም ተሳስቼበታለሁ። የአባቴን ዘፈን መጀመሪያ ሰው ፊት ስዘፍነው ታላቅ እህቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልነገርኳትም። ሁለተኛው ቤት ላይ ስደርስ ተነሥታ ወጣች። ልቧ ተነክቶ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ እስከ ዛሬ የማፍረው በዚያች ደስታ ነው። ለሳምንታት አላናገረችኝም። በኋላ «የእኔም አባት ናቸው እኮ» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ከዚያ ወዲህ በዘፈኔ ውስጥ ያለ ሰው በሕይወት ካለ፣ ከማንም በፊት እሱ ይሰማዋል። በዚህ ምክንያት ያላወጣሁት አንድ ዘፈን አለ። በጣም የምወደው ነው፣ ያሳሳኛል፤ አላወጣውም።

እህቴንም ቤቷ ሄጄ፣ በዚያው በአባቴ ጠረጴዛ አጠገብ፣ እንደገና ዘፈንኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «በጣታቸው አልነበረም» አለች። «በቀለበታቸው ነበር የሚያንኳኩት።» እኔ «ጣት» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ቃሉን ቀየርኩት። ክሩንም በጣቴ ሥጋ መምታቱን ትቼ በጥፍሬ መታሁት፤ ድምፁ ጠንከር አለ፣ እንጨት ላይ እንደወደቀ ብረት። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችኝ። ስጨርስ ጠረጴዛውን አንዴ አንኳኳች።