ያበጠ ጉንጭ ይዛችሁ ሥራ አትግቡ

ወገኖቼ፣ በሰው አገር ስንኖር ሕመምን «ነገ ይተወኛል» እያልን ማሳደር ለምዶብናል። እኔም ጥርሴን እንዲሁ አሳደርኩት። ጉንጬ ሲያብጥ ጓደኛዬ ዘንድ የተረፈ አሞክሲሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ለምኜ ዋጥኩ። እብጠቱ ጎደለ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። በሳምንቱ ብሶበት መጣ። ሐኪሟ አፍህን ክፈት ስትለኝ አንድ ጣቴን እንኳ ያስገባሁት በጭንቅ ነው። ጤነኛ አፍ ሦስት ጣት ደርቦ ያስገባል።

ፊት ከሚያሳብጡት ነገሮች ዋነኛው የጥርስ ሥር መግል ነው። አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድነውም። መግሉ መውጣት አለበት፤ ጥርሱም ወይ ሥሩ ይታከማል፣ ወይ ይነቀላል። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃታችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የዓይን ዙሪያ ቀልቶ አብጦ ትኩሳት ካለውም እንደዚያው።

ፊት የሚያሳብጥ የደም ግፊት መድኃኒትም አለ። ኢናላፕሪል ወይም ሊዚኖፕሪል የሚወስድ ሰው ከንፈሩ ወይም ምላሱ በድንገት ሊያብጥ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ አያሳክክም። ለዓመታት ተስማምቶት ከቆየ በኋላም ይመጣል። እኛ ጥቁሮች ላይ ደግሞ ይበዛል። ወላጆቻችሁ የሚውጡት ኪኒን ስሙ ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። እብጠቱ ከመጣ ድንገተኛ ሕክምና ነው፤ ቢጠፋም ሐኪም ሳያማክሩ ኪኒኑን መልሰው እንዳይጀምሩ።

ስትበሉ መንጋጋ ሥር አብጦ በኋላ የሚጎድል ከሆነ የምራቅ ቱቦ ውስጥ ጠጠር ሊኖር ይችላል። ጠዋት ጠዋት ዓይን ሥር የሚያብጥና ሽንት አረፋ የሚያበዛ ከሆነ ኩላሊታችሁን ተመርመሩ።

ከቆዳ ሥር ለስለስ ያለ፣ ስትነኩት የሚንሸራተት እጢ ብዙውን ጊዜ ስብ ነው፤ አይጎዳም። አፍንጫና ከንፈር አካባቢ የወጣ ብጉንጅ ግን በፍጹም አትጭመቁ። ጉንፋን ሲይዛችሁ የሚወጣ ንፍፊት በራሱ ይጠፋል። ጠጠር ያለ፣ የማያም፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ እጢ ግን በአልትራሳውንድ ይታይ፤ ካስፈለገም ናሙና ይወሰድለት። ከጆሮ ፊት ከሚወጡት አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ፊት ማጣመም ከጀመረ ግን ቀን አትቁጠሩ።

ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። መጥቶ የሚሄድ እብጠት ከሆነም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።